ምስጢራዊ ቁልፍ ፋይል ውስጥ ሲቀመጥ፤ በሲ የተጻፈ ኮድ የት የት ላይ ይሾልካል?

ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለተማረ ሰው ፋይል ላይ መጻፍ የጀማሪ ሥራ ነው። በኤፍኦፕን ይከፈታል፣ በኤፍራይት ይጻፋል፣ በኤፍክሎዝ ይዘጋል። በቃ፣ ሦስት መስመር። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) አያጉረመርምም፣ ፕሮግራሙ ይሠራል፣ ፋይሉም ፎልደሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይታያል።

የሚጻፈው የጌም ውጤት ወይም የስልክ ዝርዝር ከሆነ በዚህ ማለፍ ይቻላል። ምስጢራዊ ቁልፍ ከሆነ ግን እነዚያው ሦስት መስመሮች ጣጣ ያመጣሉ። ክፋቱ ደግሞ ጣጣው በሙከራ ጊዜ አይታይም። ኮዱ በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ሺህ ጊዜ ቢሮጥ ሺህ ጊዜ ልክ ነው። ጉዱ የሚፈላው ብዙ ሰው የሚጋራው ሰርቨር ላይ ሲወጣ፣ ዲስኩ ሲሞላ ወይም መብራት ድንገት ሲሄድ ነው።

ይህን ለመረዳት ሲ ማወቅ የግድ አይደለም። ለሥራው የሚያስፈልጉት ትእዛዞች ሁሉ ማንም የሚያገኛቸው ናቸው፣ ብርቅ ነገር የለም። ሰው የሚሳሳተው በትእዛዞቹ ሳይሆን በቅደም ተከተላቸው ነው።

ቁልፍ ፋይል ስንል ምን ማለታችን ነው?

ኢንተርኔት ላይ የምናደርገው አብዛኛው ነገር በጥንድ ቁልፎች ይጠበቃል። አንደኛው ይፋዊ ቁልፍ ይባላል፤ ማንም ቢያየው ችግር የለውም። ሌላው የግል ቁልፍ ነው፤ ከባለቤቱ እጅ መውጣት የለበትም። የባንካችሁን ድረ ገጽ ስትከፍቱ «አዎ፣ እውነተኛው ባንክ ነኝ» ብሎ ማረጋገጥ የሚችለው የግል ቁልፉን የያዘው ሰርቨር ብቻ ነው። የሲስተም ባለሙያዎች ሩቅ ያለ ሰርቨር ውስጥ በኤስኤስኤች የሚገቡት በዚሁ ዓይነት ቁልፍ ነው። የቢትኮይን ቦርሳም ሲገለጥ ውስጡ ያለው የግል ቁልፍ ነው።

መጠኑ ኢምንት ነው። ኢዲ25519 በሚባለው፣ ዛሬ በሰፊው በሚሠራበት ዓይነት፣ ምስጢሩ 32 ባይት ብቻ ነው። ከአንዲት አጭር የስልክ መልእክት ያንሳል።

በዚህች ትንሽ ፋይል ላይ ሁለት ዓይነት አደጋ ይደርሳል። አንደኛው ሌላ ሰው ማየቱ ነው። ይሄ ድምፅ የለውም። ፋይሉ ቦታው ላይ አለ፣ ይሠራል፣ ኮፒው ግን ሌላ ሰው ጋ ነው። ሁለተኛው መጥፋቱ ወይም መጉደሉ ነው። 32ቱ ባይት 31 ከሆነ ቁልፉ አይከፍትም፤ በእሱ የተቆለፈው መረጃም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

አንዱን ሲጠብቁ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው። ፈቃዱን ጥብቅ አድርጎ የጻፈ ሰው መብራት ሲሄድበት ባዶ ፋይል ታቅፎ ይቀራል። ለመብራቱ የተጠነቀቀው ደግሞ ጊዜያዊ ፋይሉን ለሁሉም ክፍት አድርጎት ያልፋል።

ኤፍኦፕን ምን ጥፋት አለበት?

በሊኑክስ፣ በማክ እና በሌሎቹ የዩኒክስ ቤተሰቦች ላይ እያንዳንዱ ፋይል የፈቃድ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ሦስት ወገኖችን ይመለከታል፦ ባለቤቱን፣ የባለቤቱን ቡድን፣ ከዚያ ሌላውን ሰው ሁሉ። 6 ማለት ማንበብና መጻፍ፣ 4 ማለት ማንበብ ብቻ፣ 0 ማለት ምንም። ስለዚህ 0600 የሆነ ፋይልን ባለቤቱ ያነባል፣ ይጽፋል፤ ሌላው ሰው አይነካውም።

ከፊት ያለችው 0 ለጌጥ አይደለችም። ሲ ቁጥሩን በስምንት ቤት እንዲያነበው የምታደርገው እሷ ናት። ተረስታ 600 ተብሎ ከተጻፈ ኮምፓይለሩ የሚረዳው ተራውን ስድስት መቶ ነው፤ ያ ደግሞ በስምንት ቤት 01130 ይሆናል። ባለቤቱ ራሱ የማያነበው ፋይል ይወለዳል። ቢያንስ ይሄኛው ስህተት ወዲያው ይታወቃል።

ኤፍኦፕን አዲስ ፋይል ሲፈጥር የሚጠይቀው ፈቃድ 0666 ነው፤ ሁሉም ያንብብ፣ ሁሉም ይጻፍ ማለት ነው። ደግነቱ ሲስተሙ ዩማስክ የሚባል ማጣሪያ አለው። ማጣሪያው ብዙውን ጊዜ 022 ነው፤ የመጻፉን መብት ከሌሎች ላይ ያነሳል። የሚተርፈው 0644 ነው። ሌላ ሰው አይጽፍበትም፤ ማንበብ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ለኤፍኦፕን «ይሄኛውን ዝግ አድርገህ ፍጠርልኝ» የሚባልበት መንገድም የለም። ፈቃድ የሚቀበልበት ቦታ አልተሠራለትም።

«ማሽኑ የኔ ብቻ ነው፣ ሌላ ሰው ከየት ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። ሰርቨር ላይ ግን «ሌላ ሰው» የግድ ሰው አይደለም። ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ፕሮግራም በራሱ የተጠቃሚ ስም ይሮጣል። ዳታቤዙም በራሱ፣ ኢሜይሉም በራሱ። ከእነዚህ አንዱ ከተሰበረ ሰርጎ ገቡ ቀድሞ የሚያደርገው ክፍት የቀሩ ፋይሎችን መልቀም ነው። ያገኘው ቁልፍ 0644 ከሆነ ሌላ ምንም መስበር አያስፈልገውም።

ፈጥሬ ወዲያው ፈቃዱን ብቀይረውስ?

በየኮዱ የሚታየው መፍትሔ ይሄ ነው፤ ፋይሉን በኤፍኦፕን መፍጠር፣ ከዚያ ሲኤችሞድ በሚባለው ትእዛዝ 0600 ማድረግ። አይበቃም።

ምክንያቱን ለማየት አንድ የዩኒክስ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሲስተሙ ፈቃድ የሚፈትሸው ፋይሉ ሲከፈት ነው። አንዴ ከተከፈተ በኋላ በእያንዳንዱ ንባብ ላይ ተመልሶ አይጠይቅም። አንድ ተንኮለኛ ፕሮግራም ፎልደሩን እየተከታተለ ነው እንበል። ፋይላችሁ ገና ባዶ ሆኖ ሲወለድ፣ ፈቃዱ 0644 በሆነበት በዚያች ቅጽበት፣ ፋይሉን ይከፍትና ዝም ብሎ ይጠብቃል። እናንተ ፈቃዱን 0600 ታደርጋላችሁ። ከዚያ ቁልፉን ትጽፋላችሁ። እሱ ቀድሞ በከፈተው ያነበዋል። በኋላ ፋይሉን ብትፈትሹት 0600 ይላል፤ ሁሉም ሰላም ይመስላል።

ስለዚህ ፋይሉ ሲፈጠር ጀምሮ ዝግ መሆን አለበት። ለዚህ ከኤፍኦፕን ሥር ያለውን ኦፕንን በቀጥታ መጥራት ያስፈልጋል። ኦፕን ፈቃዱን በሦስተኛው ቦታ ላይ ይቀበላል፤ እዚያ 0600 ይጻፋል። (ሦስተኛውን ቦታ መርሳት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሲ ኦፕንን ያለ ሦስተኛውም መጥራት ስለሚፈቅድ ስህተቱ ዝም ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ፈቃዱም እዚያ ቦታ ላይ በአጋጣሚ የተገኘው ቁጥር ይሆናል።)

0600 ብቻውን ግን ዋስትና አይደለም። ቁጥሩ የሚሠራው ፋይሉ አዲስ ከተፈጠረ ብቻ ነው። በዚያ ስም ፋይል ቀድሞ ካለ ኦፕን ያንኑ ይከፍታል፣ የነበረውም ፈቃድ እንደነበረ ይቀጥላል። ሌላ ሰው በዚያ ስም ለሁሉም ክፍት የሆነ ፋይል አስቀድሞ አስቀምጦ ቢጠብቃችሁ ቁልፉን የምትጽፉለት እሱ ፋይል ውስጥ ነው። ወይም በቦታው ሲምቦሊክ ሊንክ ይተክላል፤ ሊንክ ማለት «እኔን የከፈተ ወደ እዚያ ይሂድ» የሚል ጠቋሚ ነው። ቁልፋችሁ ያላሰባችሁት ቦታ ይጻፋል፣ ወይም ሌላ ጠቃሚ ፋይል ይደመስሳል። ሁሉም የሚጽፍበት የቴምፕ ፎልደር ለዚህ ዓይነት ወጥመድ የታወቀ ነው።

መድኃኒቱ ኦ-ኤክስክል የሚባለው ምልክት ነው። ከኦ-ክሪኤት ጋር ሲሰጥ ትርጉሙ «ከሌለ ፍጠር፤ ካለ ተው፣ ስህተት መልስ» ይሆናል። በስሙ ላይ ሊንክ ቢኖርም አይከተለውም። አብሮት ኦ-ክሎኤክሴክ ይጨመራል፤ ፕሮግራማችሁ ሌላ ፕሮግራም ቢያስነሳ የተከፈተው ቁልፍ አብሮ እንዳይወረስ ያደርጋል።

ከ2011 እ.ኤ.አ. የሲ ደረጃ ጀምሮ ኤፍኦፕንም «ካለ ተው» የሚል ኤክስ ፊደል ይቀበላል። ጥሩ ጭማሪ ነው፤ ፈቃዱ ግን አሁንም ያው 0666 ነው። አንዳንድ ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ደግሞ የግድ የኤፍኦፕንን ዓይነት ፋይል ነው የሚፈልጉት፤ ኦፕንኤስኤስኤል በሚባለው የምስጠራ ላይብረሪ ቁልፍ የሚጽፉት ትእዛዞች ውስጥ እንዲህ ያሉ አሉ። ያን ጊዜ በኦፕን 0600 አድርጎ መፍጠርና ኤፍዲኦፕን በሚባለው ትእዛዝ የኤፍኦፕንን መልክ አልብሶ መስጠት ነው።

ይህ ሁሉ ማካበድ ነው የሚል ሰው ኤስኤስኤችን ይመልከት። የግል ቁልፉ 0644 ሆኖ ካገኘው «ያልተጠበቀ የግል ቁልፍ ፋይል!» የሚል ትልቅ ማስጠንቀቂያ በ@ ምልክት ከቦ ያወጣና ቁልፉን ጭራሽ አልጠቀምም ይላል። ብዙ ጀማሪ የተናደደበት ማስጠንቀቂያ ነው። ልክ ነበር።

«ተጽፏል» ሲለን እውነት ተጽፏል?

አይደለም። ሰው በብዛት የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው።

በኤፍራይት ስትጽፉ መረጃው መጀመሪያ የሚገባው በራሱ በፕሮግራማችሁ ሜሞሪ ውስጥ ወዳለ ማቆያ ነው። ማቆያው ሲሞላ ወይም ፋይሉ ሲዘጋ ወደ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያልፋል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም ወዲያው ዲስክ ላይ አያሳርፈውም፤ እሱም በራሱ ሜሞሪ ያቆየዋል። ፖስታ ቤት ደብዳቤ እንደመስጠት ነው፤ ሠራተኛው «ተቀብያለሁ» ሲላችሁ ደብዳቤው ከመስኮቱ ጀርባ አለ እንጂ ገና ወደ አድራሻው አልሄደም። የሊኑክስ የተለመደው ቅንብር አንድ መረጃ 30 ሰከንድ ያህል ከቆየ በኋላ ነው «በል አሁን ይጻፍ» የሚለው። ለፍጥነት ጥሩ ነው። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ መብራት ከሄደ ግን «ተጽፏል» የተባለው ቁልፍ የትም የለም። ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይሄ የመጽሐፍ ምሳሌ አይደለም፤ የአዘቦት ነገር ነው።

መፍትሔው ኤፍሲንክ ነው። «ዲስኩ ላይ ሳታሳርፈው አትመለስ» ማለት ነው። ማክ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። እዚያ ኤፍሲንክ መረጃውን እስከ ዲስኩ ያደርሰዋል እንጂ ዲስኩ ውስጥ ያለው የራሱ ማቆያ እንዲራገፍ አያስገድድም። ለዚያ ኤፍሲኤንቲኤል በሚባለው ትእዛዝ በኩል ፉልኤፍሲንክ የሚባል ለብቻው ጥያቄ አለ።

ከዚህ በፊት ግን የሚታለፍ ነገር አለ፤ የመለሰውን መልስ ማንበብ። ራይት (ከኤፍራይት ሥር ያለው ትእዛዝ) 32 ባይት ጻፍ ተብሎ 20 ጽፎ ሊመለስ ይችላል፤ ይህ በሕጉ የተፈቀደ ነው። ስንት እንደጻፈ አይቶ የቀረውን እስኪጨርስ ደጋግሞ መጥራት የእናንተ ሥራ ነው። ዲስኩ ሞልቶ ከሆነም የሚነግራችሁ በዚያው መልስ ነው። ኤፍራይት ላይ ደግሞ ይብሳል። 32 ባይት ማቆያው ውስጥ በቀላሉ ስለሚገባ ኤፍራይት ሁልጊዜ «ተሳክቷል» ይላል። ዲስኩ መሙላቱ የሚታወቀው ኤፍክሎዝ ላይ ነው። የኤፍክሎዝን መልስ የሚያይ ሰው ታውቃላችሁ?

ኤፍሲንክ ራሱ ስህተት ቢመልስስ? «እንደገና እሞክራለሁ» የሚለው ሐሳብ ጤናማ ይመስላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ገንቢዎች ያረጋገጡት ነገር ግን ብዙ ሰው አስደንግጧል። ሊኑክስ ላይ ኤፍሲንክ አንዴ ከከሸፈ በኋላ ሲስተሙ ያንን ያልተጻፈ መረጃ «የተጻፈ» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ሁለተኛው ኤፍሲንክ «ተሳክቷል» ይላል፤ መረጃው ግን ዲስኩ ላይ የለም። ፖስትግሬስ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ኤፍሲንክ ሲከሽፍ ራሱን ሆን ብሎ ማቆምና ከመዝገቡ ተነሥቶ ማገገም ነው። ለቁልፍ ፋይልም ያው ነው፤ ከከሸፈ ያንን ፋይል ጥሎ በአዲስ ፋይል ከመጀመሪያ መጻፍ። ቁልፉ ሜሞሪ ውስጥ እስካለ ድረስ የጠፋ ነገር የለም።

አሮጌውን ቁልፍ በአዲስ መተካትስ?

እዚህ ላይ ደግሞ ኤፍኦፕን ሌላ ጠባይ ያሳያል። ፋይሉን ለመጻፍ ሲከፍት ከሁሉ በፊት ውስጡን ባዶ ያደርጋል። ማለትም አዲሱ ቁልፍ ገና ሳይጻፍ አሮጌው ጠፍቷል። በመካከል ፕሮግራሙ ክራሽ ካደረገ ወይም መብራት ከሄደ አሮጌውም አዲሱም የለም።

የተለመደው ብልሃት ሪኔም፣ ማለትም የፋይል ስም የሚቀይረው ትእዛዝ ነው። አዲሱ ቁልፍ በሌላ ጊዜያዊ ስም ይጻፋል፤ ሲያልቅ በሪኔም የዋናውን ስም ይወስዳል። ሪኔም የሚወደደው መካከለኛ ሁኔታ ስለሌለው ነው፤ ፋይሉን የሚከፍት ሌላ ፕሮግራም ወይ ሙሉውን አሮጌ ያገኛል ወይ ሙሉውን አዲስ። ጊዜያዊው ፋይል ግን እዚያው ፎልደር ውስጥ መሆን አለበት። ሌላ ፋይል ሲስተም (ለምሳሌ ሌላ ዲስክ) ላይ ከሆነ ሪኔም እምቢ ይላል፤ «ታዲያ ኮፒ ላድርገው» ከተባለ ጥቅሙ ሁሉ ገደል ገባ።

ይህን ብልሃት ያወቁ ሰዎችም በ2009 እ.ኤ.አ. ተመትተዋል። ያኔ ኤክስት4 የሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም አዲስ ነበር። የኡቡንቱ 9.04ን ቅድመ እትም ሲሞክሩ የነበሩ ሰዎች ማሽናቸው ክራሽ አድርጎ ሲነሣ ብዙ የቅንብር ፋይሎቻቸው 0 ባይት ሆነው አገኟቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሞቹ ጊዜያዊ ፋይል ይጽፋሉ፣ ሪኔም ያደርጋሉ፤ በመካከሉ ኤፍሲንክ የለም። ኤክስት4 ደግሞ ለፍጥነት ሲል የፋይሉን ይዘት ዘግየት አድርጎ ይጽፋል። የስም ለውጡ ቀድሞ ዲስክ ላይ ያርፋል፣ ይዘቱ በኋላ። ክራሹ በመካከል ሲመጣ ስሙ አዲስ፣ ውስጡ ባዶ። የኤክስት4 ዋና ገንቢ ቴዎዶር ጾ «ኤፍሲንክ መጥራት የፕሮግራሙ ግዴታ ነው» ብሎ ተከራከረ። ልክ ነበር፤ ቢሆንም ሰው እንዳይጎዳ ብሎ ኤክስት4 እንዲህ ዓይነቱን ሪኔም ለይቶ ይዘቱን ቀድሞ እንዲጽፍ አደረገው። ሌላ ፋይል ሲስተም ላይ ይህ ቸርነት ላይኖር ይችላል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ጊዜያዊውን ፋይል በ0600 እና በኦ-ኤክስክል መፍጠር፣ እስከ መጨረሻው ባይት መጻፍ፣ ኤፍሲንክ፣ መዝጋት፣ ሪኔም፣ ከዚያ ፎልደሩን ራሱን ከፍቶ ኤፍሲንክ ማድረግ። የመጨረሻዋ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። የፋይሉ ይዘት አንድ ነገር ነው፣ «በዚህ ስም ያለው እሱ ነው» የሚለው የፎልደሩ መዝገብ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱም ዲስክ ላይ ማረፍ አለባቸው። ለመጀመሪያው እርምጃ ኤምኬኤስቴምፕ የሚባል ዝግጁ ትእዛዝ አለ፤ ማንም የማይገምተው ስም ይመርጣል፣ ፋይሉንም ቀድሞ ያልነበረ መሆኑን አረጋግጦ በ0600 ይፈጥረዋል።

ሪኔም ደግሞ የራሱ ጦስ አለው፤ በስሙ ላይ ያለውን ሳይጠይቅ ይተካል። ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ እየፈጠራችሁ ከሆነ ይሄ አይፈለግም፤ ያለውን ቁልፍ በስህተት ማጥፋት ነውና። የኤስኤስኤች ቁልፍ መፍጠሪያ በዚያ ስም ፋይል ካገኘ «ልተካው?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ሊኑክስ ከ3.14 በኋላ በመጣው 3.15 እትም ላይ «ካለ አትተካ» የሚል ሪኔም ጨምሯል። ሌላ ቦታ ጊዜያዊውን ፋይል ሊንክ በሚባለው ትእዛዝ (ከላይ ካየነው ሲምቦሊክ ሊንክ የተለየ ነው) ዋናውን ስም መስጠትና ጊዜያዊውን ስም ማንሣት ይቻላል፤ ሊንክ በቦታው ሌላ ፋይል ካለ ይከሽፋል።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ፕሮግራሙ ከሪኔም በፊት ከሞተ ጊዜያዊው ፋይል እዚያው ይቀራል። ውስጡ ሙሉ ቁልፍ አለ። ማንም አይፈልገውም፣ ማንም አያጠፋውም፣ የባክአፕ ፕሮግራሙ ግን በየሌሊቱ ታማኝ ሆኖ ኮፒ ያደርገዋል። ፕሮግራሙ በሚቀጥለው ሲነሣ እንዲህ ያሉ ርዝራዦችን ፈልጎ ማጽዳት አለበት።

ፋይሉ ዲስክ ላይ በሰላም ዐረፈ። ሜሞሪ ውስጥ የቀረውስ?

ቁልፉ ከተጻፈ በኋላ በፕሮግራሙ ሜሞሪ ውስጥ ኮፒው አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ወር ይፋ የሆነው ኸርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል ስህተት ይህ ለምን እንደሚያሳስብ በደንብ አሳይቷል። ስህተቱ ማንም ከሩቅ ሆኖ የሰርቨሩን ሜሞሪ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎ ባይት እንዲያነብ ያስችል ነበር። የግል ቁልፍ በዚህ መንገድ ይወጣል ወይስ አይወጣም የሚል ክርክር ተነሣ። ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ ለዚሁ ሲል ሰርቨር አዘጋጅቶ «እስቲ ሞክሩ» አለ፤ በሰዓታት ውስጥ ቁልፉ ወጣ።

ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ቁልፉ የነበረበትን ቦታ በዜሮ መሸፈን ደግ ነው። እዚህ ላይ ሲ የታወቀ ወጥመድ አለው። ሜምሴት በሚባለው ትእዛዝ ዜሮ ትሞላላችሁ። ኮምፓይለሩ ኮዱን ለማፍጠን ሲያየው «ይህን ሜሞሪ ከዚህ በኋላ ማንም አያነበውም፤ ታዲያ ዜሮ መሙላቱ ምን ያደርጋል?» ብሎ መስመሩን ያነሣዋል። በሕጉ መሠረት ጥፋተኛ አይደለም። ምንጭ ኮዱ ላይ ማጽጃው ይታያል፣ በሚሮጠው ፕሮግራም ውስጥ ግን የለም።

በዚህ ምክንያት ኮምፓይለሩ እንዳይነካቸው የተሠሩ ማጽጃዎች አሉ። ኤክስፕሊሲት ቢዜሮ ከኦፕንቢኤስዲ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የመጣ ነው፤ የሊኑክሱ የሲ ላይብረሪ ጂሊብሲም በ2017 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል። ሊብሶዲየም እና ኦፕንኤስኤስኤል የሚባሉት የምስጠራ ላይብረሪዎች የየራሳቸው አላቸው። አዲሱ ሲ23 ደረጃም ሜምሴት ኤክስፕሊሲት የሚባል ጨምሯል።

የኤፍራይት ማቆያ ትዝ ይላችኋል? ቁልፉ እዚያም ኮፒ ሆኗል። ኤፍክሎዝ ማቆያውን ሲለቅ አያጸዳውም፤ ቁልፉን ይዞ ወደ ነጻ ሜሞሪ ይመለሳል። ለቁልፍ በቀጥታ ራይትን መጠቀም የሚመረጥበት ሁለተኛው ምክንያት ይሄ ነው። የግድ ከሆነም በሴትቪበፍ ማቆያውን ማጥፋት ይቻላል።

ስዋፕ እና ኮር ደምፕም አሉ። ሜሞሪ ሲጠብ ሲስተሙ የተወሰነውን ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ኤምሎክ ያንን ይከለክላል። ፕሮግራም ክራሽ ሲያደርግ ደግሞ ለምርመራ እንዲሆን ሜሞሪውን ፋይል አድርጎ ሊጥል ይችላል፤ ቁልፍ የሚይዝ ፕሮግራም የዚያን ፋይል መጠን ገደብ 0 ቢያደርገው ይሻላል።

ፋይሉን በፓስወርድ ብቆልፈው ይህ ሁሉ ይቀራል?

አይቀርም፤ ግን ይረዳል። የ0600 ፈቃድ የሚሠራው ሲስተሙ እስከሮጠ ድረስ ነው። ላፕቶፑ ተሰርቆ ዲስኩ ሌላ ማሽን ላይ ቢሰካ ቁጥሩን የሚያከብረው የለም። ቁልፉን ፋይል ውስጥ ከማስገባት በፊት በፓስወርድ መመስጠር ለዚያ ቀን ነው።

ወሳኙ ፓስወርዱ ወደ መመስጠሪያ ቁልፍ የሚቀየርበት መንገድ ነው። የኦፕንኤስኤስኤች (የታወቀው የኤስኤስኤች ፕሮግራም) የድሮው አሠራር ፓስወርዱን ኤምዲ5 በሚባለው ቀመር አንድ ጊዜ ብቻ ያሽከረክረው ነበር። ፋይሉን የሰረቀ ሰው በሴኮንድ እጅግ ብዙ ፓስወርድ እየገመተ መሞከር ይችላል። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው 6.5 እትም ግምቱን ሆን ብሎ የሚያዘገይ በቢክሪፕት የሚሠራ አዲስ የፋይል ዓይነት መጣ፤ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ሳይጠየቅ የሚሠራበት እሱ ሆነ። ዛሬ አዲስ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው አርጎን2አይዲን ቢመርጥ ጥሩ ነው፤ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ብዙ ሜሞሪም ስለሚጠይቅ ለገማቹ ውድ ይሆንበታል። ሊብሶዲየም ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ይህን በራስ መሥራት አይመከርም።

ችግሩ ሰርቨር ላይ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሰርቨሩ በራሱ ቢነሣ ፓስወርዱን ማን ይጻፍለት? ፓስወርዱን አጠገቡ ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ ጨዋታውን ከመጀመሪያ መጀመር ነው። ለዚህ ነው ብዙ የሰርቨር ቁልፎች ሳይመሰጠሩ በ0600 ብቻ የሚቀመጡት።

ዊንዶውስ ላይና ፍላሽ ላይስ?

ዊንዶውስ 0600ን በዚህ መልኩ አይረዳውም። እዚያ ፈቃድ የሚወሰነው በዝርዝር ነው፣ ዝርዝሩም ፋይሉ በክሪኤትፋይል ሲፈጠር አብሮ ይሰጣል። ዲፓፒአይ የሚባለው አገልግሎትም ቁልፉን ከተጠቃሚው መለያ ጋር አስሮ ይመሰጥራል። ፍላሽ ብዙውን ጊዜ በፋት ዓይነት ነው የሚመጣው፤ ፋት የዩኒክስን ፈቃድ የሚጽፍበት ቦታ ጭራሽ የለውም። ቁልፉን በፍላሽ ማዞር ካስፈለገ ተመስጥሮ ብቻ።

መሰረዝም እንደዚያው ነው። ኤስኤስዲ ላይ አሮጌውን ቁልፍ በዜሮ ደርባችሁ ብትጽፉ ዲስኩ ዜሮውን ሌላ ቦታ ይጽፍና የድሮውን ለጊዜው እንዳለ ይተወዋል። ቁልፉ ታይቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ፋይሉን በማጥፋት አትድከሙ፤ ቁልፉን ቀይሩ።

የራሴ ፕሮግራም ምን እያደረገ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ሊኑክስ ላይ ኤስትሬስ የሚባል መሣሪያ አለ። ፕሮግራማችሁን በእሱ ሥር አስነሡት፤ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚነጋገረውን ሁሉ በየመስመሩ ያወጣዋል። በኤፍኦፕን የተጻፈ ከሆነ ፋይሉ የሚከፈትበት መስመር መጨረሻ ላይ 0666 የሚለውን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ኦ-ኤክስክል አለ? ኤፍሲንክ የመጣው ከሪኔም በፊት ነው? ከሪኔም በኋላስ ፎልደሩ ተከፍቶ ኤፍሲንክ ተደርጓል? ሁሉም እዚያ ተራ በተራ አለ።

ለዚህ ፍተሻ ግን የሚጣል ቁልፍ ተጠቀሙ። ኤስትሬስ ራይት የጻፈውንም ይዘት ስክሪኑ ላይ ያሳያል፤ ሳይነገረው የሚያሳየው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 32 ባይት ነው።